የፊግማ ፕለጊን፦ ከመጫኑ ይልቅ መሥራቱ

የድረ ገጽና የአፕ ዲዛይን በሚሠራበት ፊግማ ላይ ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) መጫን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በስሙ ትፈልጉታላችሁ፣ አስነሱት ስትሉት ይነሳል፣ አለቀ። የድረ ገጽ መሥሪያውን የድሪምዊቨርን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል። ያኔ ኤምኤክስፒ የሚባል ፋይል ይወርድና በኤክስቴንሽን ማኔጀር ይጫናል። ብዙ ጊዜም ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነበር።

ስለዚህ በመጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። እኔን የማረከኝ የራስን ፕለጊን መሥራቱ ነው።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ አዲስ ቋንቋ መማር አያስፈልጋችሁም። ጃቫስክሪፕትና ኤችቲኤምኤል ይበቃል። የዴስክቶፑን አፕ ግን የግድ ማውረድ አለባችሁ፤ ብራውዘር ላይ ፕለጊን መጠቀም እንጂ መሥራት አይቻልም። አዲስ ፕለጊን ስትሉት የመነሻ ፋይሎቹን ራሱ ያዘጋጅላችኋል። ከነሱ ውስጥ ማኒፌስት የሚባለው ላይ የፕለጊኑ ስም፣ ኮዱ ያለበት ፋይልና መገናኘት የሚፈቀድለት ድረ ገጽ ይጻፋል።

ጀማሪን የሚያደናግረው አንድ ነገር አለ። ፕለጊኑ በግድግዳ እንደተለዩ ሁለት ክፍሎች ነው። አንደኛው ኮድ ሌየሮቹን፣ ማለትም ዲዛይኑ የተሠራባቸውን ጽሑፎችና ቅርጾች፣ ይነካል፤ ቁልፍና መጻፊያ ያለውን መስኮት ግን አያይም። ሌላኛው መስኮቱን ይይዛል፣ ሌየር ግን መንካት አይችልም። የሚነጋገሩት በፖስትሜሴጅ መልእክት እየተላላኩ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። ከገባችሁ በኋላ ግን ኮዳችሁ ራሱ ንጹሕ ይሆናል።

እኔ የሠራሁት ፕለጊን በተመረጡ ሌየሮች ውስጥ አንድን ቃል ፈልጎ በሌላ ይተካል። ቀላል ይመስላል አይደል? ፊግማ ግን ፎንቱ ቀድሞ ካልተጫነ ጽሑፍ አያስቀይርም፤ ሎድፎንትኤሲንክ የሚባለውን ትእዛዝ ጠርታችሁ መጠበቅ አለባችሁ። ከባዱ ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር ግማሹ ቦልድ፣ ግማሹ ሬጉላር ሲሆን ነው። እነዚህ ለፊግማ ሁለት የተለያዩ ፎንቶች ናቸው። ፎንቱን ስትጠይቁት ስም አይሰጣችሁም፤ «ሚክስድ» (የተደባለቀ) ብሎ ይመልሳል። መፍትሔው በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ፎንቶች በሙሉ አስዘርዝሮ አንድ በአንድ መጫን ነው። ለዚሁ የተዘጋጀ ትእዛዝ ስላለ ኮዱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

በጣም የወደድኩት ደግሞ መመለሻው ነው። ፕለጊኑ ብዙ ሌየር ቢቀይርም አንድ ጊዜ ኮንትሮል ዜድ ስትጫኑ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ለመሞከር ድፍረት ይሰጣል።

ያልተመቸኝ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕለጊን በላይ ማስነሳት አለመቻሉ ነው። መስኮቱን ከዘጋችሁትም ሥራው ይቆማል፤ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ነገር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የሌላ ሰው ፕለጊን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አደራ፣ የደንበኛ ፋይል ላይ ከማስነሳታችሁ በፊት ፊግማ ላይ ያለውን የፕለጊኑን ገጽ ክፈቱና ከየትኞቹ ድረ ገጾች ጋር እንደሚገናኝ እዩ። ቃል የሚተካ ፕለጊን ኢንተርኔት የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ከፈለገ እኔ አልነካውም።