አይፖድ ክላሲክ ከ8 ወር በኋላ፦ ሻጩ የደበቀኝን ዲስኩ ነገረኝ

ይህን አይፖድ ክላሲክ የተባለ የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ ከገዛሁት 8 ወር ሞላኝ። ስለ ድምፁ ብዙ አልጽፍም። ጥሩ ነው፣ ጆሮዬ ረክቷል። ባትሪውም አዲስ እያለ 36 ሰዓት ይቆያል የተባለለት ነው፤ የእኔው 20 ገደማ ይሄዳል፣ እሱም አይከፋም። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሌላ ነው። እቃው ውስጥ አንድ የተደበቀ ገጽ አለ። ሜኑ ላይ አይታይም። ከሻጩም ከጓደኞቼም ስለሱ አንድም ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የቅኔ መምህሬን የየኔታን ድምፅ ያተረፈልኝ ግን እሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ለሥራ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ እመላለሳለሁ። የስልኬን ባትሪ ለመደወያ እፈልገዋለሁ፤ መብራት ሄዶ ባደረበት ማግስት በዘፈን የምጨርሰው ቻርጅ የለኝም። ስለዚህ ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት፣ ኔትወርክ የማይጠይቅ እቃ ፈለግሁ። ባለ 160 ጊጋባይቱን ክላሲክ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ዘፈኔን፣ መዝሙሬን፣ ያለኝን ሁሉ ጫንኩበት። ከሁሉ በላይ ግን ልጅ ሆኜ ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ሲያስተምሩ የቀዳሁት ወደ 40 ሰዓት የሚጠጋ ድምፅ አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል የማያውቅ የለም። የኔታ አርፈዋል። ድምፃቸው ግን እዚህች 140 ግራም በምትመዝን እቃ ውስጥ አለ።

መጋቢት ላይ ከቢቸና ስመለስ መኪና ውስጥ የኔታን እየሰማሁ ነበር። ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ። የመጀመሪያውን ቤት ብለው ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁ ቀጥ አለ። አይፖዱን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፦ ጨክ፣ ጨክ፣ ዝም፣ ጨክ። ከዚያ ፋይሉን ዘሎት ወደሚቀጥለው ሄደ። መልሼ ከፈትኩት። እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል። ቤት ስገባ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ይሄ እቃ እኮ ራሱን የሚመረምርበት ቦታ አለው» አለኝ። አላመንኩትም። እጄ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ሆልድ የሚባል የቁልፎች መቆለፊያ አንዴ ትዘጉና ትከፍታላችሁ። ከዚያ ሜኑን እና የመሐሉን ቁልፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ትቆያላችሁ። የፖም ምልክቱ ብቅ ሲል ሁለቱንም ትለቃላችሁ፤ ወዲያው የመሐሉን ቁልፍ እና ወደ ኋላ የሚመልሰውን፣ በግራ በኩል ያለውን፣ አብራችሁ ትይዛላችሁ። ትንሽ ከዘገያችሁ ያልፋችሁና እንደ ወትሮው ይነሳል። እኔ በአራተኛው ነው የተሳካልኝ። ከተሳካ ነጠላ የሆነ፣ ምንም ጌጥ የሌለው ጽሑፍ ይመጣል። እዚያ ውስጥ መንኮራኩሩን ብታሽከረክሩት አይሠራም፤ የምትሄዱት በግራና በቀኝ ቁልፍ ነው። ማኑዋል ቴስት፣ ከዚያ አይኦ፣ ከዚያ ሃርድ ድራይቭ፣ ከዚያ ኤችዲ ስማርት ዳታ የሚለውን ትከፍታላችሁ። ገብቶ ማየት ብቻውን ዘፈን አያጠፋም። ስትጨርሱ ሜኑን እና የመሐሉን ቁልፍ ይዛችሁ እንደገና ታስነሱታላችሁ፤ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ገጹ ላይ ያየሁት ይህ ነበር፦ ሪአሎክስ 44። ፔንዲንግ ሴክተርስ 8። ፓወር ኦን አወርስ 2,913።

ክው አልኩ።

ክላሲክ ውስጥ ያለው እንደ ስልክ ሜሞሪ አይደለም። 1.8 ኢንች የሆነ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ዲስኩ አንድ ቦታ ሲበላሽበት በመጠባበቂያ ቦታ ይተካውና ይቆጥረዋል፤ ሪአሎክስ ማለት ያ ነው። ፔንዲንግ ደግሞ ማንበብ ያቃተው፣ ገና ያልተተካ ቦታ ነው። የኔታ ሁለተኛ ቤት የተቀመጠው ከነዚያ ስምንቱ በአንዱ ላይ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ፓወር ኦን አወርስ፣ ዲስኩ የሠራበት ሰዓት፣ 2,913 መሆኑ ግን ሌላ ጉድ ነው። ስገዛው ሰውየው ምን እንዳለኝ አልረሳውም። «ወንድሜ ሙት፣ አንድም ቀን አልተነካ። ካርቶኑ ብቻ ነው የጠፋው» ነበር ያለው። እሺ ወንድሜ፣ አንድም ቀን ያልተነካ እቃ 2,913 ሰዓት ምን ሲሠራ ነበር? ለ24 ብታካፍለው ከ121 ቀን በላይ ነው፣ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ። የፋብሪካ ሙከራ ነው እንዳትለኝ። አንተ ነህ እስካሁን የተጠቀምክበት እንዳትለኝ፤ አምስት ወር ሙሉ ሳልተኛ ብሰማ እንኳ እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ ይከብደኛል። ምክንያቱም ክላሲክ ዘፈን ሲያጫውት ዲስኩ ሁልጊዜ አይሽከረከርም። ነቅቶ ዘፈኖቹን ወደ ሜሞሪው ይቀዳና ተመልሶ ይተኛል። ያ ሰዓት የሚቆጥረው ዲስኩ የነቃበትን ብቻ ነው። ከእኔ በፊት አንድ ሰው፣ ምናልባትም ብዙ ሰው፣ ለዓመታት ሲሰማበት ኖሯል ማለት ነው።

አሮጌ መሆኑ አይደለም ያናደደኝ። ክላሲክ መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ያገለገለ እንደሚሆን ይገባኛል። «አገልግሏል» ቢለኝ እገዛው ነበር። ዋጋውንም ቀንሼ እገዛው ነበር። በቅኔ ቤት ቋንቋ ሰሙን ሸጦልኝ ወርቁን ደበቀኝ። ሰውየው ያልገባው ነገር ቢኖር እቃውን ጠርጎ፣ ወልውሎ፣ ሪስቶር አድርጎ፣ ማለትም ያለበትን አጥፍቶ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጭኖ፣ አዲስ ቢያስመስለውም እነዚያን ቁጥሮች እንደማያጠፋቸው ነው። የተጻፉት ዲስኩ ራሱ ላይ ነው። ካልቀየረው በቀር አብረው ይኖራሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ያለኝን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ሁለት ዘፈን አልገለበጥ አለ፤ ይሁን። የኔታን ፋይል ልጁ ደጋግሞ ሞከረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አለፈ። ከፈትነው። ሁለተኛውን ቤት ሙሉውን ሰማነው፤ እህቴ ሳትቀር ከጓዳ ወጥታ ቆማ ሰማች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ፈጣኑን ሳይሆን ሙሉውን ፎርማት አደረግነው። ከ3 ሰዓት በላይ ፈጀ። ሙሉ ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስለሚጽፍ፣ የተጠረጠሩት ወይ ይድናሉ ወይ ይተካሉ። ከዚያ ሪስቶር አድርገን የተደበቀውን ገጽ ከፈትን። ፔንዲንግ 0። ሪአሎክስ 52። ስምንቱም ተተክተዋል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነ። በየሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ያንን ገጽ ከፍቼ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው 52 ትልቅ ነው ትንሽ ነው ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ የማየው መጠኑን አይደለም፣ መንቀሳቀሱን ነው። በየሳምንቱ የሚጨምር ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው። የእኔ ቆሟል። 52፣ 52፣ 52።

በገዛሁት አልተጸጸትኩም። በሸጠልኝ ሰው ግን አዝኛለሁ፣ ሁለተኛ ደጃፉን አልረግጥም። እናንተም ክላሲክ ልትገዙ ከሆነ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ገጹን ክፈቱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ መፍቻም አይፈልግም። ደግሞ ሽፋኑን እንፈልቅቅ ብትሉ የክላሲክ ብረት በቀላሉ የሚከፈት አይደለም፣ ይጣመማል። ሻጩ «ቁልፉን አትነካካ» ካለ ትታችሁት ውጡ።

የእህቴ ልጅ ዲስኩን አውጥተን በአስማሚ ሜሞሪ ካርድ እናስገባበት ይላል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ኮረኮንች አያስፈራውም፣ ባትሪም ይቆጥባል። እውነቱን ነው። አስማሚው ከውጭ የሚመጣ ሰው እየጠበቀ ነው። ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ እንጂ 52 ወደ 53 እስኪል ድረስ አይፖዱን አላስከፍተውም።