በረባሶ ገዛሁ፤ የምናለሽ ተራ የጎማ ጫማ ምን ይመስላል?

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ የለም። ከበርሜል የተሠራ ምድጃ አለ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ኩራዝ አለ። እኔ የሄድኩት በረባሶ ፍለጋ ነው። አግኝቼ ክረምቱን ተጫምቼዋለሁ። መግዛት ለምታስቡ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለማያውቀው፣ በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራ ጫማ ነው። ሶሉ ጥርስ ካለው ከጎማው ፊት ይቆረጣል። ማሰሪያው ሳሳ ካለው ክፍል ይወጣና በሚስማር ይመታል። የሠሩልኝ ሰው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ናቸው። ጎማውን በጉልበታቸው ጭምቅ አድርገው ይይዙና ቢላዋውን ውሃ ውስጥ ነከር እያደረጉ ይቆርጣሉ። ውሃ ካልነካው ጎማው ቢላዋውን ነክሶ ይይዛል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

«ለዘበኛህ ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነው፣ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ያደረግሁትን የቆዳ ጫማ አዩ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። እግሬን ካርቶን ላይ አስቀምጠው በእስክሪብቶ ዙሪያውን ለኩ።

ጥያቄያቸው አልገረመኝም። በረባሶ የማን ጫማ እንደሆነ ድሮም ሁሉም ያውቃል። ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው፤ በእግር ከደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ። በ1980ዎቹ የእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ሰባተኛ ስንገባ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ለብዙ ሆነን ተከራየን። ቅዳሜ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ እሁድ ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ ሽሮ። ያን ሁሉ መንገድ ያደረሰን በረባሶ ነው።

በረባሶ ጭቃ ላይ የመኪና ጎማ ዱካ ይተዋል። ገጠር ሳለን ይህ ትልቅ ደስታችን ነበር፤ በአፋችን ሞተር እያስነሳን፣ የማን መኪና ይበልጣል እየተባባልን እንሽቀዳደም ነበር። ከተማ ስንገባ ያው ዱካ አሳጣን። የነጋዴ ልጅ ቆዳ ጫማ ያደርጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ሸራ ያደርጋል። ትንሽ ሻል ያለው የገጠር ልጅ ኮንጎ የሚባለውን የፕላስቲክ ጫማ፣ እኛ በረባሶ። ሰልፍ ላይ ማን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቁልቁል ማየት ይበቃል። እኔ ሱሪዬን ወደ ታች እየሳብኩ ለመሸፈን እሞክር ነበር፤ ቁመቴ ሲጨምር ግን ሱሪው አልደርስ አለ። እኩል የምንሆነው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ አውልቀን ስንገባ ብቻ ነበር። ስንወጣ ሁሉም ወደየጫማው።

እና ጫማው እንዴት ነው? ጫማው ጎበዝ ነው። ዝናብ ያበሰበሰው ኮብልስቶን ላይ አያንሸራትትም። ጭቃ ቢይዝ ቧንቧ ሥር ትይዙትና አለቀ። ሶሉ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፤ የእኔ ምንም አልተነካም። ያኔም የምናፍርበት ነገር ጫማው ውስጥ አልነበረም። እግራችንን በደንብ ያገለግል ነበር።

ችግርም አለው። ይከብዳል። መጀመሪያ ላይ ማሰሪያው ተረከዝ ይልጣል፤ እናቴ ቅቤ ትቀባልኝ ነበር፣ አሁን ቫዝሊን ተጠቀምኩ። የጎማው ሽታ ቶሎ አይለቅም፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመቱት። ከሁሉም በላይ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ብቅ ያለ ሚስማር ካለ ዳስሱ። ሁለተኛ፣ የሶሉን ጠርዝ ተመልከቱ። የዛሬ የቤት መኪና ጎማ ውስጡ ሽቦ አለው፤ ሽቦው ጠርዝ ላይ ከወጣ እግር ይቆርጣል። በክር ከተሠራ ጎማ የተቆረጠውን ምረጡ።

ለልጅ ግን አልመክርም። እኔም ለልጄ አልገዛሁም። በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር የሚረግጥ ሰው እግሩ በዝሆኔ ሊያብጥ ይችላል፤ ወላይታና ጎጃም ውስጥ ብዙ ሰው በዚህ ይሠቃያል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በረባሶ ከባዶ እግር በብዙ ይሻላል፣ ነገር ግን ክፍት ስለሆነ አፈር ያስገባል። አቅም ካለ ልጅ የተሸፈነ ጫማ ይገባዋል። ትዝታዬን በልጅ እግር ላይ ማሳረፍ አልፈልግም።

ይህንኑ የጎማ ሶል አምሮና ለስልሶ ለሚፈልግ ሶል ሬብልስ አለ። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበ ወርቅ ሰፈር የጀመረችው ድርጅት ነው። መነሻው በረባሶ ነው፤ ሶሉ ከአሮጌ ጎማ፣ ላዩ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ። እስከ ታይዋን ድረስ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እኛ ከጠረጴዛ ሥር የምንደብቀውን ጫማ ፈረንጅ ብዙ ዶላር ከፍሎ እንደሚገዛው መጀመሪያ ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን እንዲያ አይሰማኝም። ሰፈሯ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰፈር ነው፤ ሰፈሯንም ጫማውንም በስሙ ጠርታ ነው ገበያ የወጣችው። በዚያ እኮራለሁ። ምናለሽ ተራ የሚሠሩት አባት ግን ከዚያ ገንዘብ አምስት ሳንቲም አይደርሳቸውም።

ስለዚህ ስትሄዱ የጠሩትን ዋጋ ክፈሉ፤ ከአንድ የቻይና ስኒከር በብዙ ያነሰ ነው። የእግራችሁን ቁጥር ከመናገር እዚያው አስለኩ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ግፊያው አያሳልፍም።