«ከሚንግ ቱ አሜሪካ» ዳግመኛ ሲታይ፦ ዛሙንዳ ከአንኮበር አንጻር

ኤዲ መርፊ በመሪ ተዋናይነት የተጫወተበትና ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው «ከሚንግ ቱ አሜሪካ» እ.ኤ.አ. በ1988፣ በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ለእይታ የበቃ ፊልም ነው። በደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ፊልም ያየ ሰው፣ እንግሊዝኛውን በቅጡ ባይሰማ እንኳ፣ ፊልሙ የፈጠራትን የአፍሪካ መንግሥት የዛሙንዳን ልዑል አኪምን የሚረሳው አይመስለኝም። በቅርቡ ይህንኑ ፊልም ከእህቴ ልጅ ጋር ደግሜ ተመልክቼዋለሁ። አሁንም ያስቃል፤ ሆኖም ለኒው ዮርኳ ሴት የሰጠውን አንደበት ለአፍሪካዊቷ ሴት ነፍጓታል።

ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። 21 ዓመት የሞላው ልዑል ወላጆቹ ያጩለትን ሙሽራ አልፈልግም ብሎ ከባልንጀራው ከሴሚ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ይሄድና፣ በኩዊንስ ማንነቱን ደብቆ በአንድ ሃምበርገር ቤት ወለል እየወለወለ የባለቤቱን ልጅ ሊሳን ይወዳል።

ጊዜ ያልነካው ክፍል ፀጉር ቤቱ ነው። ኤዲ መርፊ በሜካፕ ባለሙያው በሪክ ቤከር ሥራ ተሸፍኖ ሽማግሌውን ፀጉር አስተካካይ ክላረንስንም፣ ነጩን አይሁዳዊ አዛውንት ሶልንም ሆኖ ይጫወታል፤ አርሴኒዮ ሆልም እንዲሁ ከሴሚ ሌላ ብዙ ገጸ ባሕርያትን ይዟል። እነዚያ አዛውንቶች ስለ ጆ ሉዊስና ስለ ሮኪ ማርሲያኖ ቡጢ ሲከራከሩ፣ እሑድ ጠዋት በደብረ ብርሃን ፀጉር ቤቶች ስለ እግር ኳስ የሚነሳውን ማንም የማይረታበትን ሙግት ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። ጆን ኤሞስ የተጫወተው የሃምበርገር ቤቱ ባለቤት ክሊዮ ማክዶወልም የማክዶናልድስን ሥራ ቀድቶ «የእኔ ይለያል» እያለ የሚምል፣ ወለል ወልዋዩ ልዑል መሆኑን ያወቀ ዕለት ደግሞ ፊቱ በአንድ ጊዜ የሚፈካ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን የልጅ አባት ለሽምግልና ሄዶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ችግሩ ያለው ሙሽራዋ ኢማኒ በምትቀርብበት ትዕይንት ላይ ነው። ኢማኒ ከተወለደች ጀምሮ ልዑሉን ለማገልገል ብቻ የሠለጠነች ናት፤ ምን ትወጃለሽ ብሎ ሲጠይቃት እርሱ የሚወደውን ሁሉ እንደምትወድ ትመልሳለች። አኪምም ታዛዥነቷን ሊፈትን በአንድ እግሯ እንድትዘልና እንደ ውሻ እንድትጮኽ ያዛታል፤ እየዘለለች እየጮኸች ትቷት ይወጣል። በቪዲዮ ቤት ዘመን በዚህ ቦታ አዳራሹ በሳቅ ይናጋ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ «ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ እሷ ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀችኝ። ፊልሙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ይባስ ብሎም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሁለተኛ ክፍል፣ ከ33 ዓመት በኋላ፣ ኢማኒ እዚያው ስትዘልና ስትጮኽ ትታያለች።

ይህ ቀልድ በጊዜው ልማድ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ የሚያደርገው ፊልሙ ራሱ ነው። የሊሳ አባት ልጁን ሳይጠይቅ በሰው ፊት ለወንድ ጓደኛዋ ለዳሪል መታጨቷን ያውጃል፤ ሊሳ ትቆጣለች፣ እምቢ ትላለች፣ ተመልካቹም ከእርሷ ጋር ይቆማል። እንግዲህ ሳትጠየቅ የመዳር በደል በኩዊንስ ሲፈጸም በደል መሆኑን ደራሲዎቹ አሳምረው ያውቃሉ፤ በዛሙንዳ ሲፈጸም ግን መሳቂያ ያደርጉታል። በገጠራችን ሳትጠየቅ የተዳረች እናት ወይም አያት ያለው ሸዌ ይህን ልዩነት ሳያስተውል ማለፍ የለበትም። የአፍሪካ ቤተ መንግሥት የግድ እንዲህ ያለች ሙሽራ ያፈራል የሚል ካለም፣ ንጉሥ ምኒልክና ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. በቁርባን የተጋቡት እዚሁ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው፤ ጣይቱም የውጫሌን ውል አጥብቀው የተቃወሙና ጦር ይዘው አድዋ የዘመቱ ሴት ናቸው። ለፍትሕ ያህል፣ ማጅ ሲንክሌር የተጫወተችው የዛሙንዳ ንግሥት መጨረሻ ላይ ጥሩ ነገር ትናገራለች፤ ባሏ ወጉን ለመለወጥ እኔ ማን ነኝ ሲል፣ ንጉሥ መስለኸኝ ነበር ትለዋለች። ለኢማኒ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ቢሰጧት ኖሮ ፊልሙ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለ ዛሙንዳ ሀብትም አንድ ነገር ልበል። ጄምስ ኧርል ጆንስ የተጫወተው ንጉሥ የአንበሳ ለምድ ይደርባል፣ በግቢው ዝሆን ይንጎራደዳል፤ የሚያርስ፣ የሚነግድ ወይም ግብር የሚከፍል ሰው ግን በአገሩ አይታይም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የገበሬ ግብር፣ ከሥሩ ደግሞ የአልዩ አምባ ገበያና ከቆላው የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ቀረጥ ነበረው፤ ዛሙንዳ ግን ከአየር ላይ የበለጸገ ይመስላል። ሆኖም በዚህ ላይ ብዙ አልጨክንም። በ1977ቱ ረሃብ ሳቢያ የኢትዮጵያ ስም በውጭ አገር ከተራቡ ሕፃናት ምስል ጋር ብቻ ይነሳ በነበረበት ሰሞን፣ የጠገበ፣ ያማረበት፣ በራሱ የሚኮራ ጥቁር ንጉሥ በሆሊውድ ፊልም ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ዲቦራ ላንዲስ የሠራቻቸው አልባሳትም ለኦስካር የታጩት ያለ ምክንያት አይደለም።

1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ የሚፈጀውን ይህን ፊልም ዛሬም እንዲያዩት እመክራለሁ፤ ገና ከጅምሩ እርቃን የሚታይበት የመታጠቢያው ትዕይንት ስላለበት ግን ከትንንሽ ልጆች ጋር አይታይም። ከጎረመሱት ጋር የሚያየው ሰው የኢማኒን ትዕይንት ዘሎ ባያልፈው ይሻላል፤ እዚያ ላይ አቁሞ መነጋገር ይቻላል። ሁለተኛውን ክፍል ግን ቢተዉት ምንም አይቀርባቸውም።