የእማዬን እግር የሚያነሳው ማሽን፦ ከወራት በኋላ

እማዬን ስትሮክ ከመታት ዓመታት አልፈዋል። በፊዚዮቴራፒ ከዘራ ይዛ መራመድ ችላለች። ያስቸገራት የግራ እግሯ ነው። ስታነሳው ጣቶቿ ወደ ታች ይወድቁና መሬት ይጭራሉ። ወንድሜ ለዚህ የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሽን ከውጭ ላከላት።

ቀበቶዋ ላይ የምትሰካ ትንሽ ሳጥን ናት። ገመዷ ሁለት ተለጣፊ ፓዶች አሉት፦ አንዱ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ጉብ ካለችው አጥንት ሥር፣ ሌላው ቅልጥሟ ፊት ካለው ጡንቻ ላይ። ጫማዋ ውስጥ ደግሞ ተረከዟ የሚጫነው ማብሪያ አለ። ተረከዟ ሲነሳ ነርቩ ይነዘርና የእግሯ ጫፍ ቀና ይላል፤ ስትረግጥ ያቆማል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሊበርሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በ1961 እ.ኤ.አ. አሳይተውታል። ስትሮክ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ የእግሩ ነርቭ ግን ደህና ስለሆነ ይታዘዛል። የእግሩ ነርቭ ራሱ ለተበጠሰበት ሰው አይሠራም።

ቤት ውስጥ፣ ለስላሳ ወለል ላይ ብዙ ለውጥ አላየሁም። ኮብልስቶን ላይ ግን ሌላ ነው። ድሮ በየድንጋዩ ጠርዝ ጣቷ ይያዝ ስለነበር ዓይኗን ከመሬት አትነቅልም። አሁን ባጃጅ እስከምንይዝበት ድረስ ቀና ብላ፣ ሰው ሰላም እያለች ትሄዳለች። ፍጥነቷ እንኳን ያን ያህል አልጨመረም።

የሚያማርረኝ ፓዱ ነው። በአዳማ ሙቀት ላብ ያንሸራትተዋል። ጣት ያህል ፈቀቅ ካለ እግሯ ወደ ላይ በመነሳት ፈንታ ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ስለዚህ ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አደርግበታለሁ። ቫዝሊን የተቀባ ቆዳ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይይዝም፤ እማዬ ደግሞ ቫዝሊን ሳትቀባ ከቤት አትወጣም! በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው። ቆዳዋ ሲቀላ አንድ ሁለት ቀን እናሳርፈዋለን። ፓዱ በሳምንታት ውስጥ ማጣበቁን ይተዋል፣ እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው እንለምናለን።

ሌላው ጫማ ነው። በነጠላ ጫማ ማብሪያው አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲወልቅስ? ማብሪያውን ጠበቅ ያለ ካልሲ ውስጥ ተረከዟ ሥር እናስገባዋለን፤ ይሠራል።

ብዙ ስትሄድ ጡንቻው ይደክምና እግሯ እንደ መጀመሪያው አይነሳም። ማሽኑ ሲጠፋም ጣቶቿ መልሰው ይጭራሉ። ፈውስ ጠብቆ የሚገዛ ሰው ያዝናል።

ቁርጭምጭሚት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የፕላስቲክ ድጋፍም አለ። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በእርምጃ ፍጥነት ብዙም አልለዩአቸውም። ዋጋው ደግሞ አይገናኝም። ድጋፉ ተስማምቶት በደንብ የሚሄድ ሰው ማሽኑን ባይገዛ ይሻለዋል። እማዬ ግን ድጋፉ እግሯን እየላጠ አስመርሯት ነበር። ልብ ላይ የሚገጠም የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። ለሌላው ደግሞ ብር ከመክፈሉ በፊት ፊዚዮቴራፒስት እግሩ ላይ ይሞክርለት፤ ፓዱን ከየት እንደሚያገኝም አስቀድሞ ይጠይቅ።