ጀነሬተር አለን ብለው እኩለ ሌሊት ላይ ያጠፉብኝ ሆቴል

እንደ እኔ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቆራረጥባችሁና በሲፓፕ ማሽን (በማስክ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ) የምትተኙ፣ ወደ ደቡብ በመኪና ለመውረድ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ከቨርጂኒያ መጥቼ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በወላይታ ሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ድረስ ተጉዣለሁ። የማሽኑ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የእኛ 220 ቮልት ችግር የለበትም። ለሶኬቱም ባለ ሁለት ክብ እግር መቀየሪያ ይበቃል። የሚያስቸግረው ሌሊት መብራት ሲሄድ ነው።

አርባ ምንጭ ያረፍኩበት ሆቴል ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሳ በስልክ ያነጋገርኩት ነው። በሐኪም የታዘዘልኝ የመተንፈሻ ማሽን እንዳለኝ ነግሬ፣ ጀነሬተራቸው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅሁ። «24 ሰዓት ይሠራል፣ ምንም አያስቡ» አሉኝ። ያመንኩት ቃላቸውን ነው።

ማምሻውን መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ እኔም ማስኬን አጥልቄ ተኛሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጀነሬተሩ ጠፋ። ነፋሱ ቀጥ ሲል ታፍኜ ነቃሁ። ይዤው የመጣሁት ትንሽ ባትሪ ያለፈውን ሌሊት ሠርቶ ስለነበር ገና መሞላት መጀመሩ ነው። በስልኬ መብራት እየተመራሁ ብወርድ ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። «ጋሼ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ እንድናጠፋ ታዘናል» አለኝ፤ እሱ ምን ያድርግ። ሥራ አስኪያጁ ጋር ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። እስኪነጋ ወንበር ላይ ተቀምጬ አደርኩ።

ጠዋት ሒሳቡ ሲመጣ «የጀነሬተር አገልግሎት» የሚል ተጨማሪ ክፍያ ተጽፎበታል፣ ያውም በዶላር ተሰልቶ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን ባሳይ የሚሰማኝ አጣሁ። ሥራ አስኪያጁ «ማሽንዎ ብዙ ኃይል ይስባል» አለኝ። የማሽኔ ቻርጀር ቢበዛ 90 ዋት ነው፤ የእርጥበት ማሞቂያውን (ውሃ እያሞቀ የሚነፋውን አየር የሚያረጥበውን ክፍል) ደግሞ ዘግቼው ነበር። የመታጠቢያ ቤታቸው ውሃ ማሞቂያ ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል፣ ለሱ ግን ማንም ተጨማሪ አይከፍልም። ደረሰኝ ስጠይቅ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። እኔ በምኖርበት አገር ያልተነገረ ክፍያ ሲወጡ ቢጨመር አቤት የሚባልበት አለ። እዚህ ግን የገዛ አገሬ ሰው በሕመሜ ሲነግድብኝ አየሁ። ይህ ከገንዘቡ ይልቅ አሳዘነኝ።

እግዜር ይስጠው፣ ያዳነኝ ሾፌሬ ነው። ወዲያው አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ወሰደኝ። ልጁ ባለ 12 ቮልት ደረቅ ባትሪ ከመኪናው ኋላ አስሮ ስንጓዝ እንዲሞላ አደረገ። ቀዩ ሽቦ ላይ ፊውዝ አስገባ፣ በቴስተር ለካ፣ ደግሞ ለካ። ከዚያ ማሽኑ በመኪና ባትሪ የሚሠራበትን መቀየሪያ ሰክቶ አስነሳውና መዳፉን ማስኩ ፊት ዘርግቶ ነፋሱን አረጋገጠ። ዋጋውን አስቀድሞ ነገረኝ፤ ስመለስም ባትሪውን መልሶ ገዛኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ባትሪውን ወደ ክፍሌ እያስገባን ማንንም ሳንለምን አደርን። የማሽኑን የእርጥበት ማሞቂያ መዝጋት አትርሱ፣ አብዛኛውን ባትሪ የሚበላው እሱ ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ እኔ አላስፈለገኝም።

ከአርባ ምንጭ በላይ ያለችው ደጋዋ ጨንቻ ግን ሌላ ናት። አክስቴ ቆጮውን አዘጋጅታ «እደር» ብላ ለምናኝ ነበር። የእኔ ማሽን ኤርሴንስ 10 ነው፤ መመሪያው እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ ድረስ ይሠራል ይላል፣ ጨንቻ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሳይመሽ ወረድኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ደጋ የምታድሩ ከመነሳታችሁ በፊት የማሽናችሁን መመሪያ እዩ፣ ሐኪማችሁንም ጠይቁ።

የሊቲየም ባትሪ ከውጭ በአውሮፕላን የምታመጡ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) ያለው ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አታምጡ።

ለሆቴሉ ያላግባብ የከፈልኩት እንዲመለስልኝ ጽፌያለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም። ከመለሱልኝ አሳውቃችኋለሁ።