ባለቀዳዳ የብረት ሼልፍ ለጓሮ ወርክሾፕ፦ ሦስት ማዕዘኗን ሳትቆጥሩ አትክፈሉ

በየብረታ ብረት ሱቁ ደጃፍ ተደግፎ የሚታየው፣ ቋሚው ከላይ እስከ ታች በቀዳዳ የተወጋጋ፣ በብሎንና በዳዶ የሚገጣጠመው ግራጫ ሼልፍ ለጓሮ ወርክሾፕ ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ በሚያስረክብበት መልክ ግን አይሆንም። መዝገብ ቤትና ፋርማሲ ውስጥ ወረቀትና ካርቶን ተሸክሞ ዓመታት ይቆያል። ወርክሾፕ ሲገባ ሞርሳ ይጫንበታል፣ የ20 ሊትር ቀለም ይደረደርበታል፣ ቤት ሲሠራ የተረፈ የወለል ሴራሚክ በካርቶን ይከመርበታል። ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

አንዳንድ የጨረታ ሰነድ ላይ «ዴክሲዮን ሼልፍ» ተብሎ የሚጻፈውም የዚሁ ዘር ነው። ስሙ በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዲሜትሪየስ ኮሚኖ ካቋቋመው ድርጅት የመጣ ነው። ሰውዬው ለንደን ውስጥ ማተሚያ ቤት ነበረው፤ ለአንድ ሥራ ተብሎ የተሠራ መደርደሪያ ሥራው ሲቀየር ከጥቅም ውጭ መሆኑ ስላስቸገረው ነው ተፈትቶ እንደገና የሚገጠም ብረት ያሰበው። ዛሬም ለተከራይ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ቤት ሲለቀቅ ፈታቶ፣ በገመድ አስሮ፣ ፒክአፕ ላይ መጫን ይቻላል።

የምንገመግመው በብዛት የሚገኘውን ልክ ነው፦ 40 በ40 ሚሊ የሆኑ ባለ 2 ሜትር አራት ቋሚዎች፣ ዕቃ የሚቀመጥባቸው 90 በ40 ሳንቲም የሆኑ አምስት ላሜራዎች።

ሁለት ሼልፍ ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን አይለዩም፤ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። የሚለያዩት በውፍረት ነው። የአንዱ ቋሚ 1.5 ሚሊ ሲሆን የሌላው 1 ሚሊ ሊሆን ይችላል። ሻጩን ብትጠይቁት «ወፍራሙ ነው» ይላችኋል፤ ለእሱ ሁሉም ወፍራሙ ነው። ካሊፐር ያለው ሰው ጫፉን ይለካ፤ ቀለሙ ራሱ ትንሽ ስለሚጨምር የተላጠ ቦታ መምረጥ ነው። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን ይበቃል፣ ሚስማር የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ ሚዛን አያጣም። የ2 ሜትር ቋሚ በ1.5 ሚሊ ከሆነ፣ ቀዳዳው ተቀንሶ፣ 1.6 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ በ1 ሚሊ ከሆነ 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ላሜራውም እንደዚሁ ነው፤ 0.7 ሚሊው ወደ 2.5 ኪሎ ሲጠጋ 0.5 ሚሊው 2 ኪሎ አይሞላም። አንድ ቋሚና አንድ ላሜራ ሚዛን ላይ ጣል ማድረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«አንዱ ላሜራ 100 ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን ወሬ በልኩ ውሰዱት። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚሠራው ክብደቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሰራጭ ነው። የ20 ሊትር የውሃ ቀለም ባልዲ 28 ኪሎ አካባቢ ነው፤ 90 ሳንቲም ላይ ሦስቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ 84 ኪሎ ማለት ነው። ይህን 0.7 ሚሊ ላሜራ ከባልዲዎቹ ሥር እንጨት ተነጥፎበት ይችለዋል። በ0.5ቱ ላይ ግን መሐሉ ይረግባል፣ ባልዲዎቹም ወደ መሐል ይደጋገፋሉ። ሲሚንቶን ከናካቴው አታስቡት፤ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፣ ቦታውም መሬት ላይ በእንጨት ርብራብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሼልፉ ጋር መምጣት ያለባት፣ ከመዳፍ የምታንስ፣ ሦስት ቀዳዳ ያላት ሦስት ማዕዘን ብረት አለች። ቋሚውና ላሜራው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ትገባለች፤ አንዱ ቀዳዳዋ የላሜራውን ብሎን ይጋራል፣ አንዱ ቋሚው ላይ፣ አንዱ የላሜራው ጠርዝ ላይ ይታሰራል። እሷ ከሌለች በፊት ለፊቱ በኩል ጥጉን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። አንድ ብሎን ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠብቅ እንደ በር ማጠፊያ ይሽከረከራል። ባዶውን ሲቆም ደህና የሚመስለው ሼልፍ ዕቃ ከተጫነበት በኋላ ወደ ጎን የሚንገዳገደው በዚህ ምክንያት ነው። ቢያንስ የላይኛውና የታችኛው ላሜራ ላይ፣ በፊትም በኋላም፣ በየጥጉ አንድ ያስፈልጋል፤ ድምሩ 8 ነው። ብዙ ሱቅ 4 ይሰጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያነሳትም፤ ሲጠየቅ «ለብቻዋ ነው የምትሸጠው» ይላል። ለብቻዋም ቢሆን ግዟት፤ ከሼልፉ ዋጋ አንጻር ኢምንት ናት።

ብሎንም ይቆጠር። በየጥጉ 2፣ ለአምስት ላሜራ 40፤ ለ8ቱ ሦስት ማዕዘን ተጨማሪ 16፤ በድምሩ 56። ጥርሱ የተበላ ዳዶ ስለማይጠፋ 65 ይዞ መሄድ ነው። የ8 ሚሊ ብሎን ከሆነ የ13 ቁልፍ፣ የ6 ከሆነ የ10 ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለት ቁልፍ ይኑራችሁ፤ በፒንሳ የተያዘ ዳዶ ጠርዙ ይሞትና ቤት ስትቀይሩ አልፈታ ይላል።

ሲገጣጠም የሚሠራው ትልቁ ስህተት እያንዳንዱን ብሎን እዚያው በዚያው ማጥበቅ ነው። መጀመሪያ የታችኛውና የላይኛው ላሜራ ብቻ በጣት ይታሰር፣ ሼልፉ ይቁም፣ ከዚያ የመሐሎቹ ይግቡ። የብሎኑ ራስ ወደ ውጭ፣ ዳዶው ወደ ውስጥ ይሁን፤ ካልሆነ ባለፋችሁ ቁጥር ልብስ ይይዛል። ሁሉም ከገባ በኋላ ጀርባውን ከጥግ ወደ ጥግ በሜትር ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን ሰያፍ። ሁለቱ ከ5 ሚሊ በላይ ከተለያዩ ሼልፉ ተጣሟል ማለት ነው፤ እየገፋችሁ አስተካክላችሁ ያኔ አጥብቁ። ቀድሞ የጠበቀ ከሆነ የመጨረሻው ላሜራ ቀዳዳ አይገጥምም፤ ሰው በመዶሻ ይመታዋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ክረምት ሲመጣ ዝገት የሚጀምረው እዚያው ነው። ጓንት አድርጉ፤ የላሜራው የታጠፈ ጠርዝ ውስጡ እንደ ምላጭ ነው።

ከባድ ዕቃ ለሚጫንበት ደግሞ ጀርባው ላይ 20 በ3 ሚሊ የሆነ ጠፍጣፋ ብረት በመስቀል ይታሰርበት። ለዚህ ልክ እያንዳንዱ 2.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ባለ 6 ሜትር ብረት ለሁለቱም ይበቃል።

ላሜራው ላይ ኮምፔንሳቶ ማንጠፍ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ላሜራ ላይ ካቻቢቴ ሲወድቅ ጆሮ ያደነቁራል፣ የዕቃው ክብደትም አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። 122 በ244 ከሆነው አንድ ኮምፔንሳቶ 90 በ40 የሆነ ሰባት ይወጣል፦ በቁመቱ ሁለት፣ በወርዱ ሦስት እያደረጋችሁ ስድስት፣ ከቀሪው አንድ። ሲቆረጥ ከየጎኑ ግማሽ ሳንቲም ይቀነስ፤ ልክክ ብሎ የገባ እርጥበት ሲነካው ያብጥና ወደ ላይ ይነሳል። 9 ሚሊው ይበቃል፣ ለቀለምና ለሞርሳ 12ቱ። ቺፕውድን ግን ለቆርቆሮ ክፍል አንመክርም። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ከውስጥ በኩል ያልበዋል፤ ጠብታው ቺፕውዱ ላይ ሲያርፍ በአንድ ክረምት እንደ ዳቦ ይነፋል።

እግሩ ላይ የሚሰካው ፕላስቲክ የሚያገለግለው ሊሾ ላይ ነው። የአፈር ወለል ላይ ወይ ይሰምጣል ወይ ይሰነጠቃል፤ በየእግሩ ሥር አንድ የሴራሚክ ትራፊ አድርጉ፣ ከፍታውን በውሃ ልክ አስተካክሉ።

ከግድግዳ ጋር ይታሰር፣ በተለይ ልጅ ባለበት ግቢ። ቆርቆሮው ራሱ ምንም አይዝም፤ ከጀርባው ያለውን ሞራሌ ወይም ማገር ፈልጋችሁ በሮንዴላ ቪቴ ምቱበት። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ትራፓኖው ባዶው ውስጥ ዘው ያለበት ቦታ ፊሸር አይይዝም፤ ወደ ሲሚንቶ መገጣጠሚያው ጠጋ ብላችሁ ብሱ።

የከፍታው ክፍፍል እንደየሰዉ ዕቃ ነው፤ መነሻ የሚሆን ግን ይኸው፦ የመጀመሪያው ላሜራ ከመሬት 15 ሳንቲም ላይ፣ መጥረጊያ እንዲገባና አይጥ ጎጆ እንዳይሠራ፤ ከዚያ 65፣ 110፣ 150 እና 195። ከታች ያለው የ50 ሳንቲም ክፍተት የ20 ሊትር ባልዲን ከነእጀታው ይቀበላል። 150ው የዓይን ከፍታ አካባቢ ስለሆነ በየቀኑ የሚነሳ ዕቃ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ጥልቀቱ 60 የሆነ ሼልፍ ከ40ው ይሻላል የሚል አለ፤ ለወርክሾፕ አይሻልም። ከፊት ያለው ዕቃ ከኋላ ያለውን ይደብቃል፣ እናንተም ያላችሁን ዕቃ እንደገና ትገዛላችሁ።

ለሚስማር፣ ለፊሸርና ለዳዶ ከሱቅ የፕላስቲክ ሣጥን መግዛት አያስፈልግም። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠብ፣ በጎኑ ይጋደም፣ ወደ ላይ የዞረው ፊቱ ተቆርጦ ይነሳ። እጀታውና አፉ ወደ ፊት ይሁኑ። እጀታው መሳቢያ ይሆናል፤ ሚስማር ማፍሰስ ሲያስፈልግ ክዳኑን ከፍቶ በአፉ ማንቆርቆር ነው። በ90 ሳንቲም ላይ አምስቱ ሳይጨናነቁ ይደረደራሉ። የውስጡን ዓይነት በማርከር ክዳኑ ላይ ጻፉ፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈ ተደርድሮ አይታይም።

ሼልፉ የማይችለው ረጅሙን ዕቃ ነው፦ ቱቦላሬ፣ ሞራሌ፣ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ኮንዲዩት። አናቱ ላይ ቢጋደም ከሁለቱም ጫፍ ወጥቶ ይንጠለጠላል፣ ጥግ ቢቆም ይወድቃል። የቋሚ ትራፊ ካላችሁ 30 ሳንቲም እየቆረጣችሁ ግድግዳው ላይ ሦስት ክንድ አድርጉ፤ በክንዶቹ መካከል ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ኮንዲዩቱ ይጎብጣልና። ቲነርና ቤንዚን ደግሞ ብየዳ ከሚሠራበት ክፍል ጨርሶ ይውጡ። የመኪና ባትሪ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ከሥሩ የፕላስቲክ ትሪ ይግባ፤ የአሲዱ ጠብታ የላሜራውን ቀለም አልፎ ብረቱን ይበላል።

«ይህን ሁሉ ከማድረግ አስበይዶ መገላገል አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ለራሱ ግቢ፣ ለከባድ ዕቃ፣ ይሻላል። በ30 በ30 በ3 አንጎላሬ ይኸው ልክ ቢሠራ 21 ሜትር ብረት ይበላል፣ ማለትም አራት ባለ 6 ሜትር፤ ክብደቱም ኮምፔንሳቶው ሳይቆጠር 28 ኪሎ ያልፋል። አይንገዳገድም። ግን ከፍታው አንዴ ከተበየደ ተበየደ፣ በበር የማይገባ ሆኖ ቢገኝም መቁረጥ ነው። ያለ ብሎን የሚሰካው አዲሱ ዓይነት በሩብ ሰዓት ይቆማል፤ አብሮት የሚመጣው ንጣፍ ቺፕውድ ከሆነ ግን ከላይ ያልነው ነው የሚደርስበት።

ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቋሚውን እንደ ጠመንጃ ዓይኑ ላይ ደግኖ በርዝመቱ ይመልከት፤ የተጣመመ ከሆነ ይተወው፣ ተቃንቶ የነበረውን ጥንካሬ አያገኝም። ቀዳዳዎቹ ወደ እንቁላል ቅርጽ ከተለጠጡም ያው ነው። የእግር ዝገት ግን አያስፈራም፤ ከታች 10 ሳንቲም ያህል ቆርጦ መጣል ይቻላል። አራቱም ከጫፍ ቆጥሮ እኩል ቀዳዳ ላይ ይቆረጡ፣ አለዚያ ላሜራው ውሃ ልኩን አይጠብቅም፤ የተቆረጠው ጫፍ ፀረ ዝገት ይቀባ። 1.90 የሆነ ሼልፍ ዘቅዘቅ ላለ የቆርቆሮ ጣሪያ እንዲያውም ይመቻል።