ምላሴን አይተው ደም ምርመራ ለላኩኝ የጓንዡዋ ዶክተር

ሰላም እንዴት ናችሁ እዚህ ቻይና የጓንዡ ልጆች፣ ሌላም ቦታ ያላችሁ። ይሄን ነገር እጽፋለሁ እጽፋለሁ እያልኩ ሶስት ወር አለፈኝ፣ አንዴ ካርጎ ሲጫን፣ አንዴ እቃ ሲጠፋ፣ አንዴ ደንበኛ ሲነጫነጭ፣ ዛሬ ግን ሱቅ ዘግቼ ቁጭ ብያለሁና እግዜር ይስጥልኝ ሳልል አላድርም። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ቡናውም ኋላ የምነግራችሁ ጉድ አለ።

ነገሩ የጀመረው በምላሴ ነው። ሚጥሚጣ እንደ ጨው የምበትን ሰው ነበርኩ፣ የሚያውቁኝ ያውቃሉ፣ ድንገት ወጥ ሲነካኝ የሚያቃጥለኝ ሆንኩ፣ ከዚያ ቲማቲም፣ ከዚያ ብርቱካን፣ መጨረሻ ላይ ባዶ አፌንም ያቃጥለኝ ጀመር። ማታ ስተኛ ደግሞ የእግሬ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ መርፌ መርፌ ይሉኛል። እዚህ ከተማ ሻውቤይ የሚባለው ሰፈር ያሉትን ፎቆች ታውቋቸዋላችሁ፣ ሊፍቱ ሁሌ በካርቶን የተያዘ ነው፣ እኔ ሶስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ልቤ ድው ድው እያለ ግድግዳ ይዤ እቆም ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። አርባ ሁለት ዓመት ምኑ ዕድሜ ነው?

አገር ቤት ስገባ ታየሁ እኮ፣ አልታየሁም አይደለም። አንድ ክሊኒክ ጨጓራሽ ነው ብለው ኦሜፕራዞል ሰጡኝ፣ እሱንማ ከዚያ በፊትም አራት ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ ስውጥ ነበር፣ ጨምሪበት ተባልኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ የአፍ ፈንገስ ነው ተብዬ ጠብታ ይዤ ወጣሁ። ደም የወሰደልኝ ሰው የለም። ማንንም ልወቅስ አይደለም የምጽፈው፣ ወረፋው ብዙ ነው፣ እኔም በአምስት ደቂቃ ተናግሬ በአምስት ደቂቃ ለመውጣት የምቸኩል ሰው ነኝ።

እዚህ ስመለስ አንድ ሕክምና የሚማር የኛ ልጅ አለ፣ አልፎ አልፎ ያስተረጉምልናል፣ ምሳ ላይ ፊቴን አይቶ "እትዬ አንቺ ነጭ ሆነሻል እኮ፣ ነገ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል እወስድሻለሁ" አለኝ። ባህላዊ ሲለኝ እኔ የታየኝ ጓሮ ውስጥ ቅጠል የሚቀጠቅጥ ሰውዬ ነው። ለካ እዚህ አገር ባህላዊ የሚባለው ሆስፒታል ላብራቶሪውም፣ ሲቲ ስካኑም፣ ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበት ኢንዶስኮፒውም ያለበት ትልቅ ሕንጻ ነው፣ ዶክተሮቹም ፈቃድ ያላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩት ናቸው፣ ቅጠሉንም የደም ምርመራውንም ያዛሉ። ይሄን ሳላውቅ ጓንዡ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ።

ዶክተሯ ስድሳውን ያለፉ ትልቅ ሴት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፣ የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ። ገና ቁጭ ስል የጠየቁኝ "ዛሬ ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ?" ነው። ቡና ሁለት ስኒ አልኳቸው፣ እየኮራሁ። ሳቁና አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪና ግማሽ ሰዓት ውጪ ጠብቂ አሉኝ። ለካ ቡና እና ሻይ የምላስን ሽፋን ቡናማ ቢጫ ያደርጉታል፣ ወተት ያነጣዋል፣ የሚያቃጥል ምግብ ያቀላዋል፣ ቀለም ያለው ከረሜላማ አይወራ። ጠዋት ምላሱን በብሩሽ ፍቆ የሚመጣም ሰው አለ አሉ፣ ንጹህ ልሁን ብሎ፣ እና የሚታየውን ነገር ሁሉ ጠርጎ ነው የሚመጣው። የሱቅ ባልደረባዬ እኔን አይታ ሳምንት ቆይታ ሄዳ "ሽፋኑ ቢጫ ነው፣ ሙቀት አለብኝ" እያለች ስትጨነቅ ከርማለች፣ ቡናዋ ነበር በቃ።

ከዚያ መስኮቱ ጋር አስጠጉኝ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ነው የሚያዩት፣ የአምፖል ብርሃን ቀለም ያታልላል ይላሉ። እኔ ምላስ አውጪ ስባል እንደ ልጅ እስከ አገጬ ዘረጋሁት፣ ኧረ ቀስ አሉኝ፣ ዘና ብሎ ነው የሚወጣው፣ ከተወጠረና ከቆየ ደም ይይዝና ቀለሙ ይጠቁራል። ጥቂት ሰከንድ አይተው አስገቢ፣ እንደገና አውጪ። ቀጥሎ ወደ ላይ አንሺው አሉና ከስር ያሉትን ደም ሥሮች አዩ። ከዚያ በሶስት ጣት የሁለቱንም እጄን የልብ ትርታ አዳመጡ፣ ግራውን ለብቻ ቀኙን ለብቻ፣ ጸጥ ብለው፣ እኔ የተኙ ሁሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጥያቄው፣ እንቅልፍ፣ ላብ፣ ሰገራ፣ የወር አበባ፣ ሲጠማሽ ቀዝቃዛ ነው ሙቅ የሚያምርሽ፣ ልጁ ማስተርጎም ደከመው፣ አንዳንዱንማ አፍሮ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የጠየቀኝ።

ስለ ምላስ ንባብ ያስረዱኝን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ እኔ እንደገባኝ ነው። ምላስን እንደ አገር ካርታ ይከፋፍሉታል፣ ጫፉ ልብና ሳንባ፣ መሃሉ ጨጓራና ጣፊያ፣ ጎንና ጎኑ ጉበትና ሐሞት፣ ስሩ ኩላሊትና ፊኛ። ከዚያ ሥጋውን ለብቻ ሽፋኑን ለብቻ ያያሉ። ሥጋው የገረጣ ከሆነ ደም ወይም ቺ የሚሉት የሰውነት ጉልበት አንሷል፣ ከቀላ ሙቀት ነው፣ ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ ደም ቆሟል ይላሉ። ሽፋኑ ስስ ነጭ ከሆነ ደህና ነው፣ ወፍራም፣ ነጭ፣ የሚያዳልጥ ከሆነ እርጥበት ነው። ይሄን እርጥበት የሚሉትን ነገር ጓንዡ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ታክሲ ነጂው ሳይቀር ሺ ቺ ሺ ቺ ይላል፣ በየጥጉ ያሉት መራራ የቅጠል ሻይ ሱቆችም በሱ ነው የሚኖሩት፣ በዚህ ከተማ ወበቅ ደግሞ አትፈርዱባቸውም። የምላሱ ጠርዝ ላይ የጥርስ ማህተም ካለ ምላሱ አብጦ ጥርስ እየነካው ነው፣ ያን የጣፊያ ድካም ይሉታል። የነሱ ጣፊያ ግን እኛ የምናውቀው ጣፊያ ብቻ አይደለም፣ ምግብ መፍጨትን በሙሉ የሚያዝ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ልጁም እኔም ትንሽ ተምታታብን።

ትናንት የተፈጠረ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1341 ሰላሳ ስድስት ዓይነት ምላስ እየተሳለ የተብራራበት መጽሐፍ ነበራቸው። ሰላሳ ስድስት ምላስ ቁጭ ብሎ የሳለ ሰው፣ ትዕግስቱ!

አሁን ወደኔ ምላስ። የኔ ቀይ ነው፣ ሽፋን የሚባል የለውም፣ ተልጦ ያብለጨልጫል። ዶክተሯ አጠገባቸው የሚማሩትን ሁለት ልጆች ጠሩና አሳዩአቸው፣ ተሳቀቅኩ። "በኛ ሙያ ይሄ የመስታወት ምላስ ይባላል፣ የጨጓራ ዪን ደርቋል እንላለን" አሉ። ዪን ማለት የሰውነት ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ነው፣ ማሰሮ ውሃው አልቆ ሲያር እንደማለት። እኔ በልቤ በቃ አሁን ቅጠል በከረጢት ሊሰጡኝ ነው አልኩ።

ምስጋናዬ እዚህ ጋ ነው ያለው። ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሱና የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገለበጡት። እናቴ እኮ ልክ እንዲህ ነበር የምታየን ልጆች ሆነን፣ ዓይናችንን ገልብጣ "ደም የለህም፣ ጎመን ብላ" የምትለው፣ እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምናላችሁ? ከዚያ ጫማሽን አውልቂ አሉኝና እግሬን እየነኩ ይሰማሻል አይሰማሽም አሉኝ። ተመልሰው ቁጭ ብለው ያሉትን ልጁ እንዳስተረጎመልኝ ልጻፈው፣ "ምላስሽ ሆድሽ ጋ ችግር እንዳለ ነግሮኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አንድ ምላስ ሁለት ሐኪም አይቶ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። ደምሽን ሳላይ አንዲት ቅጠል አልጽፍልሽም።" እና ወደ ላብራቶሪ ላኩኝ፣ አንድ ፎቅ ወደ ታች ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ሄሞግሎቢን የሚሉት የደም መጠን 84፣ እዚህ በግራም በሊትር ነው የሚቆጥሩት፣ ለሴት ከ115 በላይ መሆን ነበረበት። ቀይ የደም ሴሎቼ ከልክ በላይ ትልልቅ። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ 118፣ ከ200 በታች ከሆነ ጎድሏል የሚባለው። እግሬን የሚያደነዝዘኝ፣ ምላሴን የላጠው፣ ደረጃ ላይ የሚያቆመኝ ሁሉ አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ የለሰለሰ ቀይ ምላስ ደግሞ ፈረንጁም ሕክምና የቢ12 እጥረት ምልክት አድርጎ ያውቀዋል፣ ልጁ ማታ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ሁለቱም ሕክምና ያዩት አንድ ምላስ ነው፣ ስሙን ነው ለየብቻ ያወጡለት።

ለምን ጎደለብኝ? ዶክተሯ የምበላውን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ጾማችንን አስረዳኋቸው፣ ሁዳዴው 55 ቀን፣ ረቡዕና አርብ፣ ፍልሰታ፣ ገና፣ እየቆጠርኩ ስሄድ ዓይናቸው ይሰፋል። ግን አልሳቁብኝም፣ የኛም የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ አይበሉም፣ ቫይታሚኑን በኪኒን ይውሰዱ እንላቸዋለን አሉ። ቢ12 ከእንስሳ ምግብ ነው የሚገኘው፣ ግን ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያስቀምጥ ጾሙ ብቻውን እዚህ አያደርስሽም፣ ጨጓራሽ መታየት አለበት ብለው እዚያው ለውስጥ ደዌ ሐኪም አስተላለፉኝ። ኢንዶስኮፒ ተደረገ፣ የጨጓራዬ ግድግዳ ሳስቷል፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም አለ። በዚያ ላይ አራት ዓመት የዋጥኩት ኦሜፕራዞል፣ አሲዱን ሲቀንስ ቢ12ንም ከምግብ እንዳይላቀቅ ያደርጋል፣ ማን ነገረኝ?

አራት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ለባክቴሪያው፣ ቢ12 መርፌ በሳምንት ሶስት ቀን። ዶክተሯ ቅጠሉን የጻፉልኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ሆስፒታሉ ራሱ አፍልቶ በላስቲክ እያሸገ ይሰጣል፣ ማይዶንግ የሚባል ነጭ ሥር፣ የኛ ቁርቁራ ዘመድ የሆነ ቀይ ፍሬ፣ ሌላም ሌላም። ኮሶ ነው የሚሆነው ብዬ አፍንጫዬን ይዤ ስጨልጠው ጣፈጥ አለኝ፣ ተገረምኩ። ምን አዳነሽ ለምትሉኝ፣ በኔ ግምት መርፌው ነው፣ ዶክተሯም ቅጠሉ አፍሽን ያርጥብልሽ ብዬ ነው እንጂ ደምሽን የሚሞላው መርፌው ነው ብለው በግልጽ ነግረውኛል። በሁለት ወር ሄሞግሎቢኔ 121 ገባ፣ ምላሴ ሸካራ ሆነ፣ በመስታወት እያየሁ ደስ ይለኛል። የእግሬ ጣት ትንሽ ይቀረዋል፣ ነርቭ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው ተብያለሁ። ጾሜን እጾማለሁ፣ መርፌውንም አላቋርጥም፣ የነፍስ አባቴ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለውኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ሰሞኑን የምላስ ፎቶ ላኩልን በሽታችሁን እንንገራችሁ የሚሉ ተበራክተዋል፣ ኪኒንም ይሸጣሉ። ዶክተሯን ጠየቅኳቸው፣ ስልክ ቀለሙን እንደፈለገው ነው የሚያስተካክለው፣ በዚያ ላይ የልብ ትርታሽን በፎቶ ማን ያዳምጣል አሉኝ። ሽፋኑ ቦታ ቦታ ተልጦ ካርታ የመሰለ ምላስ ያላችሁም አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ግን ምላስ ላይ ቁስል ወይ እብጠት ወጥቶ ሁለት ሶስት ሳምንት ካልጠፋ ምንም የምላስ ንባብ ውስጥ ሳትገቡ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ይሄን ንገሪያቸው ብለው ነው የላኩኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው የሚገቡት፣ ቀጠሮው ዊቻት በሚባለው የቻይኖች የስልክ መተግበሪያ ይያዛል፣ ፓስፖርት ያዙ፣ እኔ ለካርድ 40 ዩዋን ነው የከፈልኩት፣ ላብራቶሪው ለብቻው ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ካርቶኑን ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፣ የኔን ኦሜፕራዞል ያገኙት ከቦርሳዬ ነው። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ያንን ልጅ ጠይቁኝ፣ ፈተና ከሌለበት ይመጣል፣ እባካችሁ ግን በነጻ አታልፉት፣ ግማሽ ቀኑን ነው የሚሰጣችሁ። ወንድሜ፣ አንተንም እግዜር ያክብርልኝ፣ በምሳ ሰዓት ፊቴን ባታይ ኖሮ እስካሁን ኦሜፕራዞሌን እየዋጥኩ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ስሄድ አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ ይዤላቸው ሄድኩ፣ ስጦታ አልቀበልም ብለው ሲከራከሩ ልጁ ኧረ እኛ አገር ቡና መመለስ ነውር ነው ብሎ ገላገለኝ። ከፍተው አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ መስኮቱ እያሳዩኝ "ዛሬስ ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?" አሉ። አልጠጣሁም ስላቸው ምላሴን አዩ፣ ሳቅ አሉ፣ "በይ አሁን ሂጂና ጠጪ።"